አቡነ ኢየሱስ ሞዓና የሐይቅ ደሴት ትምህርት ቤት

ከደሴ ከተማ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሐይቅ ውሃ ይገኛል። የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ስፍራ ዛሬ በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ቢገናኝም በቀድሞ ዘመን ዙሪያውን በውሃ የተከበበ ትንሽ ደሴት ነበር። በዚህ ደሴት ትምህርት ቤት ያቋቋሙት አባት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በዳህና ተወለዱ። በዚያ ዘመን ገዳማዊ ትምህርት የሚሻ የአማራና የሸዋ ወጣት እስከ ትግራይ ገዳማት በእግሩ መጓዝ ነበረበት። እርሳቸውም በ30 ዓመታቸው ገደማ ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ። በገመድ በሚወጣበት በዚያ ተራራ በአባ ዮሐኒ ሥር ሆነው በጾም፥ በጸሎትና በሥራ ተፈትነው መነኮሱ።

በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቅ መጡ። የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከእርሳቸው አስቀድሞ የነበረ ነው። እርሳቸው ግን የአካባቢውን ወጣቶች ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። ስለዚህ ከሩቅ አገር ይፈለግ የነበረው ትምህርት ለአማራና ለሸዋ ልጆች ቀረበ።

ትምህርት ያለ መጽሐፍ አይጸናም። በዚያ ዘመን ደግሞ አንድን መጽሐፍ ለማግኘት ቆዳ መፋቅ፥ ቀለም መበጥበጥና ወራት የሚፈጅ የእጅ ጽሕፈት ያስፈልግ ነበር። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ግን ከ80 በላይ መጻሕፍት ለገዳሙ አሰባሰቡ። በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት፥ ሥዕላቸውም ያለበት የብራና አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። በ16ኛው መቶ ዓመት በኢማም አህመድ ጦርነት ጊዜ የደሴቱ ወርቅና ብር ሲወሰድ ይህ መጽሐፍ ተርፏል።

ከመጻሕፍቱም ይልቅ የሚበልጡት ደቀ መዛሙርቱ ናቸው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ ዓመታት ተቀምጠው ከእርሳቸው ተምረዋል፤ በኋላም በሸዋ፥ ዛሬ ደብረ ሊባኖስ የሚባለውን ገዳም መሠረቱ። አባ ኂሩተ አምላክም በጣና ሐይቅ የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም እንዳቀኑ ይነገራል፤ ከደሴት የወጣ ትምህርት ሌላ ደሴት ደረሰ ማለት ነው። በ1262 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ይኩኖ አምላክም በልጅነታቸው በሐይቅ እንደ ተማሩ ገድላቸው ይተርካል። የሐይቅ አበ ምኔትም ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ታላቅ ክብር ነበረው።

አባታችን 45 ዓመት ያህል በደሴቱ አስተምረው ዐረፉ። በዓለ ዕረፍታቸው ኅዳር 26 ቀን ይከበራል።

እንግዲህ እኛ በከፍተኛ ትምህርት ላይ ያለን ወጣቶች ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? እርሳቸው በደብረ ዳሞ የተማሩትን ለራሳቸው ክብር አላስቀሩትም፤ ትምህርት ላልደረሰው ሕዝብ ይዘው ወረዱ። ዲፕሎማችንን ይዘን ወደ ትልልቅ ከተሞች ብቻ የምናይ ከሆነ ያስተማረን ወገን ዕዳ ሳይከፈል ይቀራል። ቢያንስ በዕረፍት ጊዜያችን ወደ ትውልድ ቀያችን ስንሄድ ጥቂት ሕፃናትን ሰብስበን ፊደል እናስቆጥር፤ የሐይቅም ትምህርት ቤት በጥቂት ልጆች የተጀመረ ነውና።

የአባታችን የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።