ዐፄ ኃይለ ሥላሴና የቴሌቪዥን መስኮት

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ሽቅብ የሚወጣ መንገደኛ በስተቀኙ የአፍሪካን አዳራሽ፣ በስተግራው የኢዮቤልዩን ቤተ መንግሥት ዐጥር ያገኛል። ከአዳራሹ ጀርባ የካዛንቺስ ሰፈር ይጀምራል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የመጨረሻዎቹን ዐሥራ ሦስት የንግሥና ዓመታት ያሳለፉት በዚህ ዐጥር ውስጥ ነው። የአፍሪካን መሪዎች ሰብስበው በዓለም ጋዜጠኞች ፊት የቆሙት ከመንገዱ ማዶ ሲሆን፣ ከዙፋን የወረዱትም እዚሁ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተወለደውና ዐሥር ዓመት ሊሞላው የተቃረበው በዚሁ ዘመን ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ የሕይወት ታሪክ በወዳጅም በጠላትም ብዙ ተጽፎበታል፤ ለሙያው ሰው ግን ከካሜራ ጋር የነበራቸው ዝምድና ብቻውን ሊታይ የሚገባው ነው።

ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ኤጀርሳ ጎሮ ላይ የተወለዱት ተፈሪ መኰንን፣ የውጭውን ዓለም ያዩ የራስ መኰንን ልጅ ነበሩ። በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽና ባለሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሆኑ። ማተሚያ ቤት አቋቋሙ፤ ጋዜጣ አሳተሙ፤ በ1916 ዓ.ም. አገሪቱን በዓለም መንግሥታት ማኅበር አስመዝግበው በዚያው ዓመት አውሮፓን ጐበኙ። በዚያ ጕዞ በየደረሱበት የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺዎች ከበቧቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ነበር፤ ይሁን እንጂ በካሜራ ፊት ሳይንቀሳቀሱ መቆምን ያን ጊዜ የተማሩት ይመስላል። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የዜና ፊልም አንሺዎች ከውጭ መጥተው ነበርና፣ በዓሉ በአውሮፓና በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ታየ።

በ1927 ዓ.ም. የአቃቂ የሬዲዮ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ጦርነቱ ሊፈነዳ ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ ከዚሁ ጣቢያ ለውጭ አገር ሕዝብ ተናገሩ። በጦር ሜዳ የተሸነፈው ወገን በሥዕልና በድምፅ የመጀመሪያውን የዓለም ትኵረት ያገኘው እንዲህ ባለው ጥረት ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ጉባኤ ፊት ሲቆሙ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኳቸው ሞከሩ፤ እሳቸው ግን ጸጥታ እስኪሰፍን ጠብቀው በአማርኛ ንግግራቸውን አሰሙ። ጉባኤው ምንም አላደረገላቸውም። ፊልሙ ግን ከጉባኤው ውሳኔ የበለጠ ዕድሜ አገኘ፤ ካባ የለበሰው ስደተኛ ንጉሥ ምስል በብዙ ሚሊዮን ሰው አእምሮ ተቀረጸ። በ1933 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ይህን ትምህርት ይዘው እንደ ተመለሱ ለመገመት አያዳግትም፤ መታየት ራሱ ኃይል ነው።

መደመጥም እንዲሁ ኃይል መሆኑን ግን ሌሎችም ተረድተውት ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚልን ሲጐበኙ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሲያደርጉ፣ የአዲሱን መንግሥት መቋቋም ሕዝቡ የሰማው በሬዲዮ ነው። ሙከራው በጥቂት ቀናት ከሸፈ፤ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው የነበሩ ብዙ መኳንንትና ሚኒስትሮች ግን ተገደሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ያን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሰጥተው፣ ለሃያ አምስተኛው የንግሥና ዓመታቸው በ1948 ዓ.ም. ወደ ተሠራው ወደ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተዛወሩ።

በዚያው በ1953 ዓ.ም. ከአዲሱ መኖሪያቸው ፊት ለፊት የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። ንድፉን ያወጣው ኢጣልያዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ሲሆን፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን ባለቀለም የመስታወት ሥዕል የሠሩት ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. 30 ያህል የአፍሪካ መንግሥታት መሪዎች የአንድነት ድርጅትን ቻርተር በዚህ አዳራሽ ፈረሙ። ጄኔቭ ላይ ብቻቸውን ቆመው የነበሩት ሰው አሁን አስተናጋጅ ሆነው በመካከል ተቀመጡ። ይህን ትዕይንት የውጭ ካሜራዎች ሲያነሡ፣ አስተናጋጇ አገር ግን ገና የራሷ መደበኛ የቴሌቪዥን ጣቢያ አልነበራትም።

ጣቢያው የተከፈተው በዓመት ከመንፈቅ ገደማ ውስጥ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ማለት በዘውድ በዓል ቀን ነው። ዕለቱ በአጋጣሚ አልተመረጠም። ስቱዲዮው የተቋቋመው በማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሲሆን፣ የዚያም ሕንፃ ንድፍ የሜዜዲሚ ነው። ሥራውን የረዳው የእንግሊዙ የቶምሰን ኩባንያ ነበር። ባለቤቱ ካናዳዊው ሎርድ ቶምሰን በስኮትላንድ የንግድ ቴሌቪዥን የበለጸጉ ነጋዴ ነበሩ፤ ኩባንያቸውም በእነዚያው ዓመታት በልዩ ልዩ አዳዲስ አገሮች የቴሌቪዥን ጣቢያ ሲያቋቁም ነበር። ለምሳሌ በካሪቢያን ባሕር የምትገኘው የትሪኒዳድና ቶቤጎ ደሴታዊት አገር በእ.ኤ.አ. 1962 ነጻነቷን ስታገኝ የተከፈተው ጣቢያ የቶምሰን እጅ ነበረበት።

እዚህ ላይ የሁለቱን አገሮች ዕጣ ማነጻጸር ይጠቅማል። በትንሽ ደሴት ላይ አንድ ማሠራጫ አብዛኛውን ሕዝብ ይደርሳል፤ ነጋዴውና ገዢውም በቅርብ ስለሚገናኙ ማስታወቂያ የጣቢያውን ወጪ ለመሸከም ተስፋ አለው። በኢትዮጵያ ግን ሥርጭቱ በዋና ከተማይቱና በአካባቢዋ የተወሰነ፣ ተቀባዩ መሣሪያ ውድ፣ የሚያስተዋውቀውም ነጋዴ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ጣቢያው የንግድ ማስታወቂያ ቢቀበልም የሚኖረው በመንግሥት በጀት ነበር። ከንግድ ኩባንያ የተወረሰው ሞያው እንጂ ነጻነቱ አልነበረም። የንግድ ጣቢያ ለአስተዋዋቂ ያጎነብሳል ቢባል፣ ይህኛው የሚያጎነብስለት አንድ ጌታ ብቻ ነበረው። ዜናው የሚጀምረው ንጉሠ ነገሥቱ በዕለቱ ማንን እንደ ተቀበሉ፣ ማንን እንደ ሾሙ፣ ምን እንደ መረቁ በማሳየት ነበር። የተመልካቹ ፍቅር ግን ለሌላው ዝግጅት ሳይሆን አይቀርም፤ ይኸውም ለሙዚቃውና ለቲያትሩ፣ ከውጭ ለመጣው ፊልም፣ ከሁሉም ይልቅ አባባ ተስፋዬ ለልጆች ለሚያወሩት ተረት ነው። ለጣቢያው ሠራተኞች ፍትሕ ለማድረግ፣ በጥቂት መሣሪያ ይህን ሁሉ የሠሩ ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል።

ጣቢያው ሊያሳየው ያልተፈቀደለት ነገር በ1965 ዓ.ም. በወሎ ደረሰ። ድርቁ ረኃብ ሆነ፤ ረኃብተኛው ወደ ዋናው መንገድ ወረደ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ያመጧቸውን ፎቶግራፎች በግቢው ውስጥ አሳዩ፤ የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ግን ዝም አሉ። የሟቾቹ ቍጥር ግምት ከ40,000 እስከ 200,000 ይራራቃል። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለዚህ ረኃብ ያዘጋጀው ፊልም በለንደኑ የንግድ ጣቢያ በቴምዝ ቴሌቪዥን ታየ። የእንግሊዝ ሕዝብ እርዳታ አዋጣ። እንግዲህ የወሎን ገበሬ ሞት ለንደን ስታየው አዲስ አበባ አላየችውም፤ ወሎማ ጭራሹኑ ቴሌቪዥን አልነበረውም። ንጉሠ ነገሥቱ በኅዳር ወር ወደ ወሎ ሄደው ረኃብተኞችን ጐበኙ፤ ነገር ግን ዘግይቶ ነበር። ስለ ችግሩ ምን ያህል ተነግሯቸው እንደ ነበር እስከ ዛሬ ያከራክራል። ይሁንና ክርክሩ ራሱ ነቀፋ አለበት፤ ዐርባ ዓመት በላይ በካሜራ ኃይል የተጠቀሙ መሪ በገዛ አገራቸው ካሜራ ዐይን ሆኖ እንዲያገለግላቸው አላደረጉትም።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ። ደርግ ሚኒስትሮችን በየተራ ካሰረ በኋላ ለመጨረሻው እርምጃ የመረጠው መሣሪያ ያንኑ ቴሌቪዥን ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዕንቍጣጣሽ ምሽት፣ የዲምብልቢ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። እንደ መጀመሪያው ሆኖ ግን አልነበረም፤ በረኃብተኞቹ ሥዕል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ኬክና ሥጋ የሚሰጣቸው ውሾች እንዲገቡ ተደርጎ ተቀናብሮ ነበር። ይህን ለማሰናዳት ደርግ አዲስ ሥዕል ማንሣት አላስፈለገውም፤ የቤተ መንግሥቱን ክብር ለማሳየት ለዓመታት የተነሣው ፊልም በእጁ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲመለከቱ ተነግሯቸው በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሆነው እንደ ተመለከቱት ይተረካል። ረኃቡ እውነት ነው፤ ግብዣውም እውነት ነው፤ ሁለቱን አጎራብቶ ፍርድ የሰጠው ግን የቅንብር ባለሞያው መቀስ ነው። በማግሥቱ ጧት መኰንኖች መጥተው ከሥልጣን መውረዳቸውን የሚገልጸውን ጽሑፍ አነበቡላቸው፤ በትንሽ ቮልስዋገን አሳፍረውም ከዚያው ብዙ ወደማይርቀው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ወሰዷቸው።

ድርጊቱን የፈጸሙት ሰዎችም ከጣቢያው ጋር የነበራቸው ዝምድና ከቀድሞው የተለየ አልሆነም። የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በ1977 ዓ.ም. መባቻ በታላቅ ድግስ ሲከበር ወሎና ትግራይ እንደገና ይራቡ ነበር፤ የቆረምን ሥዕል በጥቅምት ወር ለዓለም ያሳየውም የውጭ ካሜራ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በእስር ላይ እንዳሉ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐረፉ። መንግሥት በመገናኛ ብዙኃን ያስነገረው በሕመም መሞታቸውን ነበር፤ ከደርግ ውድቀት በኋላ በተካሄደው የፍርድ ሂደት ግን መገደላቸው ተገለጠ። ዐፅማቸው በ1984 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ተቆፍሮ ወጣ፤ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. የዘውድ በዓላቸው ካለፈ በሦስተኛው ቀን በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።