ፐርሲቫል ዴቪድ

ሰር ፐርሲቫል ዴቪድ (1892 – 1964 እ.ኤ.አ.) በቦምቤይ፣ ሕንድ የተወለዱ የብሪታንያ ባለሀብት ሲሆኑ፣ በይበልጥ የሚታወቁት በጥንታዊ የቻይና ሸክላ ስብስባቸው ነው። ቤተሰባቸው ከባግዳድ የመጣ የአይሁድ ቤተሰብ ነበር።

በ1920ዎቹ ወደ ቻይና ተጉዘው፣ በአንድ ባንክ በመያዣነት ተቀምጠው ከነበሩ የቀድሞ የቤተ መንግሥት ዕቃዎች መካከል ገዙ። የጥንት መጻሕፍትን ለማንበብም ቻይንኛ ተማሩ።

ሰር ፐርሲቫል የተሠራበትን ዘመን የሚገልጽ ጽሑፍ ላለበት ዕቃ ልዩ ትኩረት ይሰጡ ነበር። በስማቸው የሚጠሩት ሁለት የፖርሴሊን የአበባ ማስቀመጫዎች በ1351 ለታኦ እምነት ቤተ መቅደስ እንደተሰጡ በአንገታቸው ላይ ተጽፏል። ከሁለት ባለቤቶች ለየብቻ ገዝተው መልሰው አጣመሯቸው። ይህ ዓመተ ምሕረት የሌሎች ሰማያዊና ነጭ ዕቃዎችን ዕድሜ ለመገመት መነሻ ሆነ።

ለሰሜናዊው የሶንግ ቤተ መንግሥት ስለተሠራው «ሩ» የተባለ ሸክላም በ1937 ጥናት አሳትመዋል። ሩ በከፍተኛ ሙቀት የተተኮሰ፣ ሰማያዊ አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ ሽፋን ያለው ሸክላ ነው። በዓለም ላይ የተረፉት ሙሉ ዕቃዎች 100 ያህል እንኳ አይሞሉም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጃፓኖች በሻንግሃይ አሰሯቸው። በ1950 ስብስባቸውንና መጻሕፍታቸውን ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ ሙዚየሙም በ1952 ተከፈተ። በገንዘብ እጥረት በ2007 ሲዘጋ፣ 1,700 ያህሉ ዕቃዎች ሳይበተኑ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ተዛውረው ከ2009 ጀምሮ በአንድ አዳራሽ ለሕዝብ ይታያሉ።