ሩዶልፍ ዲዝል፦ ከሞተሩ ልደት እስከ ናፍጣ-ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ

መግቢያ

ዲዝል የሚለው ስም ዛሬ ከሰው ስምነቱ ይልቅ በሞተር መጠሪያነቱ ይታወቃል። በአገራችን በናፍጣ የሚሠራው ይህ ሞተር መርከብን፣ የጭነት መኪናንና የኤሌክትሪክ ማመንጫን ሲያንቀሳቅስ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በባቡር ሐዲድ ላይ ግን አጀማመሩ የተሳካ አልነበረም። ፈልሳፊው ሩዶልፍ ዲዝል በሕይወቱ መጨረሻ ዓመታት የተካፈለበት የመጀመሪያው ትልቅ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ለዘወትር አገልግሎት ሳይበቃ ቀርቷል። ይህ አጭር ጽሑፍ የዲዝልን ሕይወት ከዚህ ውድቀት አንጻር ይቃኛል። የሙቀት ብክነትን ለማስቀረት የተወለደው ሞተር በሐዲድ ላይ ፍሬ ያፈራው ሌላ ዓይነት ብክነትን ከተቀበለ በኋላ መሆኑንም ለማሳየት ይሞክራል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ሩዶልፍ ዲዝል መጋቢት 18 ቀን 1858 ፓሪስ ከተማ ከጀርመናውያን ወላጆች ተወለደ። አባቱ ቴዎዶር የመጽሐፍ ጠራዥና የቆዳ ዕቃ ሠሪ ነበር። በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት ሲነሣ ቤተሰቡ እንደ ሌሎች ጀርመናውያን ሁሉ ፓሪስን ለቅቆ ወደ ለንደን ተሰደደ። ኑሮ ስለ ከበዳቸው ወላጆቹ የ12 ዓመቱን ልጅ በአውግስቡርግ ከተማ የሒሳብ መምህር ወደ ነበረ ዘመዳቸው ላኩት። ልጁ መሐንዲስ ለመሆን የወሰነው በዚያ ነው።

ቀጥሎ ሙኒክ በሚገኘው የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የተማረ ሲሆን፣ ከመምህራኑ አንዱ በማቀዝቀዣ ማሽን ሥራው ስመ ጥር የሆነው ካርል ፎን ሊንደ ነበር። ሊንደ በትምህርቱ መካከል የዘመኑ የእንፋሎት ሞተር ከነዳጁ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው ከ6 እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን ብቻ እንደሆነ አስረዳ። ሳዲ ካርኖ በንድፈ ሐሳብ ካስቀመጠው ወሰን ጋር ሲነጻጸር ይህ እጅግ አነስተኛ ነበር። በተማሪው አእምሮ የቀረውና እስከ ዕለተ ሞቱ ያልለቀቀው ጥያቄ ይኸው የብክነት ጥያቄ ነው።

ዲዝል በ1879 በታይፎይድ ታምሞ የመመረቂያ ፈተናው ያመለጠው ሲሆን፣ የሚቀጥለውን ፈተና እስኪጠብቅ ድረስ ቪንተርቱር በተባለች የስዊዘርላንድ ከተማ በዙልሰር ፋብሪካ ሠራ። ይህ ፋብሪካ ከ30 ዓመታት ገደማ በኋላ የሎኮሞቲቩ ሥራ ተባባሪ ሆኖ ይመለሳል። በ1880 በከፍተኛ ማዕረግ ከተመረቀ በኋላ በሊንደ የማቀዝቀዣ ሥራ ተቀጥሮ ፓሪስ ገባ፤ በ1890 ደግሞ ወደ በርሊን ተዛወረ።

የሞተሩ ልደት

ዲዝል በመጀመሪያ የአሞንያ ተን የሚጠቀም ሞተር ለመሥራት ለዓመታት ደከመ፤ ሙከራው አልተሳካም። ከዚያ ያገኘው ትምህርት ግን ወደ አዲሱ ሐሳብ መራው። አየር ብቻውን በሲሊንደር ውስጥ በኃይል ሲታመቅ ሙቀቱ እጅግ ይጨምራል። በዚያች ቅጽበት የገባ ነዳጅ ያለ ካንዴላ በራሱ ይቀጣጠላል። ለዚህ ሐሳብ በየካቲት 1892 የፓተንት ማመልከቻ አቀረበ፤ በ1893ም ንድፈ ሐሳቡን በመጽሐፍ አሳተመ።

የአውግስቡርግ ማሽን ፋብሪካና የክሩፕ ኩባንያ የሙከራውን ወጪ ሊሸፍኑ ተስማሙ። ነሐሴ 10 ቀን 1893 በተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ በሲሊንደሩ ውስጥ ግፊቱ ወደ 80 አትሞስፌር አሻቅቦ የመለኪያው መሣሪያ ፈነዳ፤ ዲዝልም ለጥቂት ከሞት ተረፈ። የካቲት 17 ቀን 1894 ሞተሩ ለአንድ ደቂቃ ያህል በራሱ ኃይል ዞረ። በየካቲት 1897 ፕሮፌሰር ሞሪትስ ሽሮተር ባካሄደው ይፋዊ ፍተሻ 20 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር የነዳጁን ሙቀት 26.2 በመቶ ወደ ሥራ ለወጠ።

በእነዚህ ዓመታት ዲዝል ከካርኖ ፍጹም ዑደት መራቅ ግድ ሆኖበታል። በፓተንቱ ያሰበው በእኩል ሙቀት የሚካሄድ ቃጠሎ በተግባር የማይቻል ሆኖ ስላገኘው፣ በእኩል ግፊት ወደሚካሄድ ቃጠሎ ተሻገረ። ሊደርስበት ያቀደውን እጅግ ከፍተኛ የማመቅ ግፊትም በብዙ ቀነሰ። ስለዚህ የሞተሩ ታሪክ ራሱ ንድፈ ሐሳብ ለተግባር ቦታ የለቀቀበት ታሪክ ነው።

ከ1897 በኋላ የፈቃድ ሽያጩ ሀብታም አደረገው። ይሁን እንጂ የፓተንት ክርክር፣ የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ብልሽትና የሥራ ብዛት ጤናውን ስለ ጎዱት በ1898 ለረጅም ጊዜ በሕክምና ቆየ። ለመሬትና ለሕንፃ ግዢ ያዋለው ገንዘብም ብዙ አክስሮታል። በ1903 በሠራተኞች ኅብረት ላይ ስለሚመሠረት ኢኮኖሚ የጻፈው መጽሐፍ ጥቂት አንባቢ ብቻ አገኘ።

ሎኮሞቲቩ

በ1906 ዲዝል፣ መሐንዲሱ አዶልፍ ክሎዘና የዙልሰር ፋብሪካ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ለመሥራት ተባበሩ። የተገኘው ማሽን 95 ቶን ገደማ የሚመዝን፣ ወደ 1,000 የፈረስ ጉልበት ያለውና ባለ አራት ሲሊንደር ነበር። ሞተሩ ከጎማዎቹ ጋር የተገናኘው ያለ ፍሪሲዮንና ያለ ካምቢዮ፣ በቀጥታ በዘንግ ነው። በ1912 ከቪንተርቱር ወደ ሮማንስሆርን በሚወስደው መስመር ላይ ተሞከረ፤ ኋላም ወደ በርሊን ተወሰደ።

የቀጥታው ግንኙነት በመካከል የሚባክን ኃይል ስለማይኖረው ከዲዝል የዘመን ጥያቄ ጋር የሚስማማ ነበር። ችግሩ ያለው በባቡር ጠባይ ላይ ነው። ባቡር ከፍተኛውን የመጎተት ኃይል የሚፈልገው ከቆመበት ሲነሣ ነው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እንፋሎቱ በማሞቂያው ተጠራቅሞ ስለሚጠብቅ ገና ሳይንቀሳቀስ ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል። የናፍጣ ሞተር ግን ካልዞረ ኃይል የለውም፤ ቀስ ብሎ ሲዞርም የታመቀው አየር ሙቀት በሲሊንደሩ ግድግዳ በኩል ስለሚያመልጥ ነዳጁ በሚገባ አይቀጣጠልም። ሞተሩ ከጎማው ጋር በቀጥታ ከታሰረ ደግሞ ባቡሩ ሲቆም አብሮ ይቆማል።

መሐንዲሶቹ ይህን ለመወጣት ሎኮሞቲቩን በታመቀ አየር አስነሡት፤ ናፍጣ መርጨት የሚጀመረው ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 10 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ነበር። ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ የሚስፋፋው አየር ግን በባሕርዩ የሚያቀዘቅዝ ስለሆነ ለቃጠሎ የሚያስፈልገውን ሙቀት ይቀንሳል። ማሽኑ ደጋግሞ ተበላሸ፤ ከጥቂት ጉዞ በኋላም ከሙከራ ወጣ።

ፍጻሜው

መስከረም 29 ቀን 1913 ማታ ዲዝል ከአንትወርፕ ወደ ሃርዊች በምትሻገረው ድሬስደን በተባለች መርከብ ተሳፈረ። ከእራት በኋላ ወደ ክፍሉ ገባ፤ በማግሥቱ ግን አልተገኘም። አልጋው አልተተኛበትም ነበር። ከቀናት በኋላ የኔዘርላንድ ጀልባ ሠራተኞች በባሕር ላይ አስከሬን አግኝተው ከልብሱ ጥቂት ዕቃዎች ወሰዱ፤ ልጁም ዕቃዎቹ የአባቱ መሆናቸውን አረጋገጠ። ቤተሰቡ የተረከበው ከባድ ዕዳ ነበር። ብዙ ጸሐፊዎች ራሱን እንዳጠፋ ይገምታሉ፤ ጉዳዩ ግን በማስረጃ ተቋጭቶ አያውቅም።

ከሞቱ በኋላ፦ ብክነትን የተቀበለው መፍትሔ

ዲዝል በሞተበት ዓመት ስዊድን ውስጥ አንድ አነስተኛ ባቡር በሌላ መንገድ መሥራት ጀምሮ ነበር። የናፍጣ ሞተሩ ጄኔሬተር ያዞራል፣ ጄኔሬተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ኤሌክትሪኩም በጎማዎቹ ዘንግ ላይ ያሉትን ሞተሮች ያንቀሳቅሳል። በሁለቱ ልውውጦች መካከል ከኃይሉ የተወሰነው በሙቀት መልክ ይባክናል። በምትኩ የናፍጣው ሞተር ባቡሩ ቆሞም ቢሆን በሚመቸው ፍጥነት ይዞራል። የኤሌክትሪኩ ሞተርም በባሕርዩ ከፍተኛውን የማዞር ጉልበት የሚሰጠው ከቆመበት ሲነሣ ነው። የስዊዘርላንድ ተወላጁ ሄርማን ለምፕ በአሜሪካ የሞተሩንና የጄኔሬተሩን ቁጥጥር ሲያዋሕድ፣ በ1920ዎቹ አጋማሽ የናፍጣ-ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ለገበያ በቃ።

ከዚህ መፍትሔ ሌላ ዕድል ተከተለ። ጎማውን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ ከሆነ፣ ያ ኤሌክትሪክ ከጄኔሬተሩ ይምጣ ወይም ከሐዲዱ በላይ ከተዘረጋው መስመር ለጎማው ልዩነት የለውም። ባለ ሁለት አሠራር ሎኮሞቲቭ የሚባለው በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ጠባብ ሐዲድ ላይ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በስዊዘርላንድ ተራሮች የሚገኘው፣ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር የሆነው የሬቲያን የባቡር መስመር ነው። የዚህ ድርጅት የበርኒና መስመር በ1,000 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ሲሠራ፣ ዋናው መረቡ የሚጠቀመው 11,000 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት ነው። በ1968 የተሠሩት ሁለት ሎኮሞቲቮች በበርኒና መስመር ከላይ ኤሌክትሪክ እየወሰዱ፣ ያ ጅረት በሌለበት ደግሞ በናፍጣ ሞተራቸው እየተጓዙ በሁለቱም ለመሥራት ችለዋል። በርኒና ከባሕር ወለል በላይ 2,253 ሜትር ይደርሳል፤ የመስመሩ ቁልቁለትም ከሺህ 70 ነው። በእንዲህ ያለ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ የናፍጣ ሞተር ይደክማል፤ የኤሌክትሪኩ መስመር ግን በአየሩ መሳሳት ኃይሉ አይቀንስም። በአንጻሩ በረዶ የኤሌክትሪኩን መስመር ሲያቋርጥ ናፍጣው ይደርሳል።

የዲዝል ሞተር በኢትዮጵያም ጠባብ ሐዲድ ላይ ሠርቷል። ስፋቱ 1 ሜትር የነበረው የጅቡቲ-አዲስ አበባ መስመር በእንፋሎት ተጀምሮ፣ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ በናፍጣ-ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች አገልግሏል። ውሃ በማይገኝበት ቆላ ለእንፋሎት ማሞቂያ ውሃ ማቅረብ አለማስፈለጉ ትልቅ ጥቅም ነበር። አሮጌው መስመር ግን ከላዩ የኤሌክትሪክ መስመር ሳይዘረጋበት ዘመኑን ፈጽሟል፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ሰፊ ሐዲድ ያለውና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው።

ማጠቃለያ

ዲዝል ከሊንደ ትምህርት ቤት ጀምሮ የታገለው ከብክነት ጋር ነበር፤ በሞተሩም ከዘመኑ የእንፋሎት ኃይል ከእጥፍ በላይ የሆነ ውጤት አስገኝቷል። በሎኮሞቲቩ ላይ የገጠመው መሰናክል የሞተሩ ብቃት ሳይሆን በሞተሩና በጭነቱ መካከል የነበረው አለመጣጣም ነው። ችግሩ የተፈታው እርሱ ሳይደርስበት፣ ከኃይሉ ጥቂቱን ለመክሰር በፈቀዱ መሐንዲሶች እጅ ነው። በአውግስቡርግ የካርኖን ፍጹም ዑደት ትቶ የሚሠራ ሞተር ያገኘው ዲዝል፣ በሐዲዱ ላይ ያንኑ ዓይነት ስምምነት ለማየት ዕድሜ አልሰጠውም።