መንታውን ማዕድን የለየው ሊቅ

በቀን ብርሃን ሲያዩት ሐምራዊ፣ በፍሎረሰንት መብራት ሥር ሲያስቀምጡት ግን ሰማያዊ የሚሆን የብርጭቆ ዕቃ አለ። ነገሩ ምትሀት ቢመስልም የአንድ ትዕግሥተኛ ሰው የድካም ፍሬ ነው። ስለዚህ ሰው ሕይወት ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለማለት እንወዳለን።

ካርል አውኤር ፎን ቬልስባህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 በቪየና ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ የኦስትርያ መንግሥት ማተሚያ ቤት ዲሬክተር ነበረ። ልጁ ግን ወደ ኬሚስትሪ አደላ፤ በጀርመን አገር በሃይድልበርግ ከታላቁ ሊቅ ከሮበርት ቡንዘን ዘንድ ተምሮ በ1882 የዶክቶርነት ማዕርግ ተቀበለ።

በዚያ ዘመን ዲዲሚየም የሚባለው ነገር ስዊድናዊው ሙሳንደር በ1841 ካገኘው ወዲህ እንደ አንድ ንጥረ ነገር ይቆጠር ነበር። አውኤር ግን ጨዉን እያሟሟና መልሶ እያረጋ፣ ይህንኑ አድካሚ ሥራ እጅግ ብዙ ጊዜ በመደጋገም በ1885 ከሁለት ለየው። አረንጓዴ ጨው የሚሰጠውን ፕራሴዮዲሚየም፣ ሐምራዊ የሚሰጠውን ኒዮዲሚየም አለው፤ የኋለኛው ትርጓሜው አዲስ መንታ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት በጋዝ ነበልባል ላይ የሚያበራ የጨርቅ ከረጢት ፈለሰፈ። ይሁን እንጂ ብርሃኑ አረንጓዴ የሚመስል፣ ከረጢቱም በቀላሉ የሚፈርስ ስለ ነበረ ገዢ ጠፋ፤ ፋብሪካውም በ1889 ተዘጋ። ሰውየው ግን ወደ ቤተ ሙከራው ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ 99 እጅ የቶርየም፣ 1 እጅ የሴርየም ኦክሳይድ ቢያደርግበት ነጭና ብሩህ ብርሃን አገኘ፤ የብዙ ከተማ መንገዶችም በዚህ በሩ። በአገራችን ማሾ የምንለው ፋኖስ ከረጢትም የዚሁ ዘር ነው። በ1903 ደግሞ ሴርየምን ከብረት ቀላቅሎ ዛሬ በላይተር ውስጥ ያለውን የእሳት ድንጋይ ሠራ።

ኒዮዲሚየም በብርጭቆ ጥበብ የታወቀው በ1920ዎቹ መጨረሻ በካርልስባድ የነበረው ሌኦ ሞዘር አሌክሳንድሪት የተባለውን ብርጭቆ በሠራበት ጊዜ ነው። ማዕድኑ ከብርሃን ውስጥ ቢጫውን ጠባብ ሰቅ ይውጠዋል። በፀሐይ ብርሃን ቀዩና ሰማያዊው ተቀላቅለው ሐምራዊ ይሆናሉ፤ የፍሎረሰንት ብርሃን ግን በጥቂት ሰቆች የተከፋፈለ ስለ ሆነ ሰማያዊው ያይላል።

እንግዲህ አሮጌ ዕቃ የሚመረምር ሰው በመስኮት አጠገብና በፍሎረሰንት ሥር እያፈራረቀ ይየው። ማንጋኒዝ ያለበት አሮጌ ብርጭቆ ፀሐይ ሲመታው ኖሮ ወይን ጠጅ ቢመስልም መብራት ሲለወጥ መልኩን አይለውጥም። በእንግሊዝ አገር በቶማስ ዌብ ፋብሪካ የተሠራው አሌክሳንድራይትም ቀለሙ በእሳት የመጣ ሌላ ዓይነት ነውና ስም ብቻ አያስተማምንም። ቀለም መለወጡም ብቻውን የዕድሜ ምስክር አይሆንም፤ እንዲህ ያለው ብርጭቆ ከዚያ ወዲህም ተሠርቷልና የሠሪውን ምልክት ከሥሩ መፈለግ ይገባል።

አውኤር በ1929 ዐረፈ። ከሕይወቱ ለተማሪና ለወጣት ሠራተኛ የሚጠቅመው፣ ፋብሪካው በተዘጋበት ዓመት ሥራውን አለመተዉ ይመስለናል። ያን ጊዜ ትቶት ቢሆን ኖሮ ብዙ ጎዳና በጨለማ በቆየ ነበር።