ዶክተር አክሊሉ ለማና የእንዶድ ነገር

የማኅበራችንን አሥረኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ፣ በዚህ መጽሔት ስለ አንድ ታላቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት እንድናቀርብ ተጠይቀን ነበር። በሎውሪና በአውሮራ የሚያድጉ ልጆቻችን ስለ ሀገራቸው ጀግኖች ሲጠይቁን በቶሎ ከአፋችን የሚወጡት የአርበኞችና የሯጮች ስሞች ናቸው። ደግ ነው፣ ይገባቸዋል። ለዛሬ ግን የመረጥናቸው ቀንድ አውጣ በመግደል ዓለም ያወቃቸውን ምሁር፣ ዶክተር አክሊሉ ለማን ነው።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1935 በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ ሀገራቸው በተመለሱበት በ1964 የቢልሃርዝያን በሽታ ለማጥናት ወደ አድዋ ወረዱ። ቢልሃርዝያ እንዴት እንደሚይዝ ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ተምረነዋል። የበሽተኛው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ወንዝ ሲገባ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የሚራመደውን ወይም የሚዋኘውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከሌለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

በአድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች እንደ ጥንቱ በእንዶድ ነጠላና ጋቢ ያጥቡ ነበር። ወጣቱ ተመራማሪ ያዩት ነገር ቢኖር ከማጠቢያው ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች መብዛታቸውን ነው። ሌላ ሰው አይቶ ያልፈው ይሆናል፤ እሳቸው ግን ከላይ ካልታጠበበት ቦታ በሕይወት ያሉትን አስለቅመው የእንዶድ አረፋ ጨመሩባቸው፤ ሞቱ። በዓመቱ ይህን ግኝት በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። እንዶድ እንደሚያጸዳ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ ዶክተሩ የጨመሩት ያንን ዕውቀት በሳይንስ መመርመርን ነው።

አረፋውን የሚያስነሳው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። የሚገርመው፣ ፍሬው ሳይነካ ሳፖኒኑ ያን ያህል አይገድልም። ፍሬው ተፈጭቶ ከውሃ ጋር ሲገናኝ በውስጡ ያለው ኤንዛይም ከሳፖኒኑ ላይ አንዱን የስኳር ክፍል ይቆርጥና ገዳዩን መልክ ያወጣዋል። እንዶዱን ወቅጦ በውሃ መዘፍዘፍ የእናቶቻችን ልማድ ነበር፤ ኬሚስቶቹ ምክንያቱን ያገኙት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ንጥረ ነገሩን ነጥለው ያወጡት ሊቃውንት በዶክተሩ ስም ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት። ደግሞም በውሃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ስለሚበሰብስ እንደ አንዳንድ የፋብሪካ መርዝ አይከማችም። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናሳስባለን። የዱር ተክል ሁሉ መድኃኒት ነው የሚል ወሬ በየጓዳው ይነገራል፤ እንዶድ ግን ዓሣ ይገድላል፣ የጠጣውን ሰውም ይጎዳል፤ ለኮሶም ሆነ ለጽንስ ማስወረጃ ብለው ጠጥተው የተጎዱ አሉ።

ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ወንዞች እንዶድ ተረጨ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ 50 ከመቶ የነበረው በሽታ ወደ 7 ከመቶ ወረደ። ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ደግሞ ከየሀገሩ ከተሰበሰቡት የእንዶድ ዓይነቶች መርጠው ኃይለኛውን፣ ዓይነት 44 የሚባለውን አወጡ። ገበሬው በጓሮው ተክሎ፣ ፈጭቶ፣ ወንዙን ራሱ የሚጠብቅበት መንገድ ተገኘ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩ እንደታሰበው አልሄደም። የዓለም የጤና ድርጅት በታወቁ ላቦራቶሪዎች የመርዛማነት ምርመራ ሳይደረግ እንዶድን አልደግፍም አለ፤ ምርመራው ደግሞ ድሃ ሀገር የማይችለው ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። በገበያው ላይ የነበረው በፋብሪካ የሚሠራ ውድ ኬሚካል ነው። ዶክተር አክሊሉ ችግሩ የአፍሪካ ሳይንቲስት በአፍሪካ ላቦራቶሪ የሠራውን ያለማመን ነው ብለው እስከ መጨረሻው ተከራከሩ። የመርዛማነት ምርመራው ጥንቃቄ የሚጠይቅ መሆኑን አንክድም፤ ነገር ግን ይህን ያህል ዓመት ማስጠበቅ ነበረበት ብለን አናምንም። የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ገንዘብ ሰጥቶ ምርመራው እስኪካሄድ ከግኝቱ ሃያ ዓመት አልፎ ነበር። በ1989 ሁለቱ ዶክተሮች ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

ሌላው ጉዳይ የተነሣው እዚሁ አሜሪካ ነው። በ1990 የኦሃዮው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ለዶክተር አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በዚያን ጊዜ ዜብራ መስል የሚባል ባለ ሁለት ቅርፊት ትንሽ ፍጡር የታላላቆቹን ሐይቆች የውሃ ቧንቧዎች እየደፈነ አስቸግሮ ነበር። እንዶድ ተሞከረበት፣ ገደለው። በ1993 የፈጠራ መብት ወረቀት ሲወጣ የዶክተሩ ስም ከፈጣሪዎቹ መካከል ቢጻፍም ባለመብቱ ዩኒቨርሲቲው ሆነ። በአድዋ ወንዝ ዳር ልብስ ሲያጥቡ የነበሩት እናቶች ስም በዚያ ወረቀት ላይ የለም። እኛ ታክሲ ነጂዎች በኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ይህን አንሥተን ብዙ ተከራክረናል፤ አንዳንዶቻችን ስርቆት ነው እንላለን፣ ሌሎቻችን ደግሞ ዶክተሩ ራሳቸው የገቡበት ሥራ እንዴት ስርቆት ይባላል እንላለን። አልተስማማንም።

ዶክተር አክሊሉ የአዲስ አበባውን የፓቶባዮሎጂ ተቋም የመሠረቱ፣ በኋላም በተባበሩት መንግሥታት፣ በተለይ በጣሊያን ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ ማዕከል ያገለገሉ ሲሆን፣ በሚያዝያ 1997 በ61 ዓመታቸው አረፉ። ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ቢልሃርዝያም ገና አልጠፋም፤ በሀገር ቤት በየትምህርት ቤቱ ለልጆች ፕራዚኳንቴል የሚባለው እንክብል ይታደላል፤ ክኒኑ ትሉን ይገድላል እንጂ ወንዙ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ አይነካም።

ያ የቶሌዶ መብት ዘመኑ አልፏል። ዜብራ መስል ግን በ2022 ወደ ኮሎራዶም ገብቶ፣ ከግራንድ ጀንክሽን ወዲያ በሚገኘው ሃይላይን ሐይቅ ተገኘ። በዓመቱ ሐይቁ ላይ የተረጨው ከመዳብ የተሠራ የፋብሪካ ኬሚካል ነው።