ለአሮጌ ጨዋታ አዲስ መንገድ፤ የካርታ ምትሐተኛው የዳይ ቨርነን ሕይወት

ካርታ ይዞ የሰውን ዓይን የሚያታልል ሰው በሕዝብ ዘንድ በመልካም ስም አይጠራም። በአገራችን ከተሞች ቀይዋን ያየ እየተባለ በሚታወቀው የሦስት ካርታ ጨዋታ ገንዘቡን የተበላ መንገደኛ ስለ እጅ ቅልጥፍና በጎ ነገር ይናገራል ተብሎ አይጠበቅም። ይሁን እንጂ ያው ቅልጥፍና በሌላ ሰው እጅ ሲገባ፣ ማንንም የማይዘርፍ፣ ይልቁንም የሚያስደንቅና የሚያስደስት ጥበብ ሊሆን ይችላል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የካርታን ምትሐት ወደዚህ ደረጃ ካደረሱት ሰዎች መካከል ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ካናዳዊው ዳይ ቨርነን ነው። ቨርነን በአብዛኛው የደከመው ከዚህ በፊት ያልታየ ጨዋታ ለመፍጠር አልነበረም። የዕድሜ ልክ ሥራው ሁሉም የሚያውቀውን ጨዋታ ወስዶ፣ እንዴት እንደሚሠራ እንደ ገና ከሥሩ ማሰብ ነበር።

ቨርነን በኦታዋ ከተማ ጁን 11 ቀን 1894 ተወለደ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወላጆቹ ያወጡለት ስም ዴቪድ ሲሆን የቤተሰቡ ስም ቨርነር ነበር። ኋላ ወደ አሜሪካ በተሻገረ ጊዜ ሰዎች ስሙን በዚያ ዘመን ዝነኛ ከነበረው ዳንሰኛ ከቨርነን ካስል ስም ጋር እያምታቱ ስለ ጠሩት፣ እርሱም ሁሉን ሰው ማረም ሰልችቶት ቨርነን ተብሎ ቀረ። አባቱ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ በትርፍ ጊዜው ደግሞ ምትሐት ይወድ ነበር። ልጁም የመጀመሪያውን ጨዋታ በሰባት ዓመቱ ገደማ ከአባቱ ተማረ። ቨርነን ሸምግሎ ስለዚህ ሲቀልድ፣ ከዚያ በፊት ያሉትን ስድስት ዓመታት በከንቱ እንዳለፉ ዕድሜ ይቆጥራቸው ነበር።

የሕይወቱን አቅጣጫ የወሰነው ግን አንድ መጽሐፍ ነው። በ1902 በቺካጎ ከተማ ኤስ. ደብልዩ. ኤርድኔዝ በሚል ስም የታተመው ይህ መጽሐፍ ቁማርተኞች ካርታ ሲበውዙና ሲያድሉ የሚጠቀሙባቸውን ስውር ዘዴዎች፣ ከዚያም የምትሐተኞችን ጨዋታዎች በዝርዝር የሚያስረዳ ነው። ደራሲው በእውነት ማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ድረስ የጥበቡን ተመራማሪዎች ያከራክራል። ቨርነን ይህን መጽሐፍ ገና በጉርምስናው በቃሉ ያዘው። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው አስቀድሞ ንባቡን በቃሉ እንደሚይዝና ትርጓሜው በኋላ እንደሚመጣ ሁሉ፣ የቨርነንም አካሄድ ይህን ይመስላል። እያንዳንዱን አንቀጽ በእጁ ፈተነ፤ የሚጸናውን አጸና፤ የሚሻሻለውን አሻሻለ። በመጽሐፉ ላይ የሰጠው ማብራሪያ ራሱን ችሎ የታተመው በ1984 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ዘጠና ደርሶ ነበር።

በኪንግስተን በሚገኘው የካናዳ የጦር ኮሌጅ ምሕንድስና ቢጀምርም ልቡ ከካርታው አልተለየም። ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ በዚያ ሲኖር፣ እንጀራው የምትሐት ትርኢት አልነበረም። ከጥቁር ወረቀት የሰውን የገጽ ቅርጽ በመቀስ እየቆረጠ ለአላፊ አግዳሚው ይሸጥ ነበር። ይህ የመቀስ ሥራ ለብዙ ዓመታት የኑሮው መደገፊያ ሆኖ ቆየ። ካርታውን ከገበያ ፍላጎት ነጻ ያደረገለትም ይኸው መቀስ ነው፤ ለገንዘብ ሲል መቻኮል ስላላስፈለገው፣ አንድን የጣት እንቅስቃሴ እስኪጠራ ድረስ ወራትና ዓመታት ሊሰጠው ቻለ።

ስሙን ያስጠራው አጋጣሚ በ1922 ቺካጎ ላይ የተፈጸመው ነው። በእስራትና በሰንሰለት ማምለጥ ትርኢቱ ዓለም ያወቀው ሃሪ ሁዲኒ፣ አንድን ጨዋታ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ካየ ምስጢሩን እንደሚደርስበት ይመካ ነበር። ቨርነን አንድ ካርታ አስመርጦ ሁዲኒን ራሱን በቀለም አስፈረመበት። ካርታውንም ከላይኛው ካርታ ሥር፣ ማለት በሁለተኛው ቦታ፣ አስገባው። ወዲያው ላይኛው ሲገለጥ የተፈረመበት ካርታ ሆኖ ተገኘ። ሁዲኒ ይደገም አለ፤ ተደገመ። እንደሚተረከው ከሆነ ጨዋታው ሰባት ጊዜ ተደግሞለት ምስጢሩን ሊደርስበት አልቻለም። ከዚያ በኋላ ቨርነን ሁዲኒን ያሞኘው ሰው ተብሎ ይታወቅ ጀመር።

ወደ ላይ የሚወጣው ካርታ ጨዋታ በራሱ አዲስ አልነበረም። የሚሠራበትም ዘዴ ሲነገር እጅግ ቀላል ነው፤ ሁለት ካርታዎች እንደ አንድ ሆነው ይገለጣሉ፤ ተመልካቹም ያየው ላይኛውን ብቻ ይመስለዋል። ይህ አነሣሥ በዚያ ዘመን እምብዛም የተለመደ አልነበረም። ቁም ነገሩ ያለው ግን በአነሣሡ ንጽሕና ላይ ነው። ሁለት ካርታ የሚያነሣ ጣት አንድ ካርታ ከሚያነሣ ጣት በፀጉር ያህል እንኳ ከተለየ፣ ምክንያቱን የማያውቅ ተመልካችም ይጠረጥራል። ስለዚህ ቨርነን ጥናቱን የጀመረው ከምስጢሩ በፊት ነው። አንድ ሰው ምንም ሳይደብቅ አንድ ካርታ ሲያነሣ እጁ እንዴት ይንቀሳቀሳል? ይህን ካወቀ በኋላ ምስጢሩን በዚያው እንቅስቃሴ ውስጥ ያስገባዋል። ለደቀ መዛሙርቱ ሲያስተምር የኖረው ዋነኛ መመሪያ ይኸው ነው፤ እጅ ሲደብቅም ሳይደብቅም አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ይህን ፍጹምነት ሲፈልግ ከምትሐተኞች ይልቅ ከቁማርተኞች የሚማረው ነገር እንዳለ ተረዳ። ምትሐተኛ ቢሳሳት ይሳቅበታል፤ ቁማርተኛ ቢሳሳት ግን ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ከዚህም የተነሣ የቁማርተኞች ዘዴ በምንም ዓይነት ዓይን የማይገባ መሆን ነበረበት። በ1932 ቨርነን በካንሳስ ግዛት በዊቺታ ከተማ እስር ቤት ከአንድ የሜክሲኮ ተወላጅ ቁማርተኛ ጋር ተገናኘ። እስረኛውም ካርታን ከክምሩ መካከል ስቦ የሚያድል ሰው ማየቱን ነገረው። ከላይ የሚያድል መስሎ ከታች ማደል የታወቀ ማጭበርበር ነበር። ከመካከል ማደል ግን የማይቻል፣ እንደ ተረትም የሚወራ ነገር ነበር፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ ካርታውን ቆርጦ ከመለሰ በኋላ የተደበቁት ካርታዎች መካከል ላይ ይውላሉና፣ ይህን የቻለ ሰው መቁረጥን ዋጋ ቢስ ያደርገዋል።

ቨርነን በዚያ የድህነት ዘመን፣ ኢኮኖሚው በወደቀበት ወቅት፣ ይህን ሰው ፍለጋ በካንሳስ ሲቲ አካባቢ ያሉትን የቁማር ቤቶች አሰሰ። በመጨረሻም በሚዙሪ ግዛት ፕሌዘንት ሂል በምትባል ትንሽ ከተማ አለን ኬኔዲ የተባለውን ቁማርተኛ አገኘው። ኬኔዲ ይህን ዘዴ ከማንም አልተማረውም። አንድ ችግር ታየው፤ መፍትሔውንም ለብቻው ተቀምጦ ለዓመታት በልምምድ አወጣው። የመጽሐፍ ሊቅ የነበረው ቨርነን፣ በመጽሐፍ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር አንድ የገጠር ከተማ ሰው በራሱ ጣቶች ፈልስፎ ሲያሳየው፣ የዘዴ ምንጭ ከሁሉ አስቀድሞ ችግሩን በትክክል ማየት እንደ ሆነ በተግባር አየ።

ይህ ፍለጋ ዋጋ አስከፍሏል፤ ዋጋውን የከፈለው ደግሞ ቨርነን ብቻ አልነበረም። በ1924 ጂን የተባለችውን ባለቤቱን አግብቶ ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዶ ነበር። አንድ ወሬ ሰምቶ ወደ ሩቅ ከተማ ሲነሣ፣ ወይም ሌሊቱን ከጓደኞቹ ጋር በካርታ ሲያነጋ፣ የቤቱ ሸክም በሚስቱ ላይ ይወድቅ ነበር። ስለ እርሱ የተጻፉት ታሪኮች ጥበቡን ሲያመሰግኑ፣ በአባትነቱና በባልነቱ የጎደለውን አይሸሽጉም። በ1941 ኒው ዮርክ ውስጥ በወንዙ ዳር የመንገድ ሥራ ላይ ተቀጥሮ ሳለ ከከፍታ ወድቆ ሁለቱም ክንዶቹ ተሰበሩ። ሕይወቱ ሁሉ በጣቶቹ ላይ ለነበረ ሰው ይህ የመጨረሻው መጨረሻ ሊሆን ይችል ነበር። እርሱ ግን አገግሞ ወደ ካርታው ተመለሰ።

ከአደጋው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1946፣ ድል የተሰኘው ዝነኛ ጨዋታው ታተመ። የጨዋታው አሳብ ይህ ነው፤ አንድ ካርታ ተመርጦ ወደ ክምሩ ይመለሳል፤ ግማሹ ክምር ፊቱ ወደ ላይ፣ ግማሹ ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ አንድ ላይ ይበወዛል፤ በመጨረሻ ክምሩ ሲዘረጋ ግን የተመረጠው ብቻ ሲቀር ካርታው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ዞሮ ይገኛል። የተዘበራረቀ ካርታ መልሶ መስተካከሉ ከቨርነን በፊት የታወቀ ነበር፤ ካናዳዊው ሲድ ሎሬይን ጥቂት ጥቂት ካርታ በእጁ እያገላበጠ የሚያሳየው ዓይነት ነበረው። ቨርነን ይህን አካሄድ ትቶ፣ ካርታው በጠረጴዛ ላይ እንደ ማንኛውም የካርታ ጨዋታ በእውነት የተበወዘ እንዲመስል አደረገ። ሁለቱ ግማሾች ተጠላልፈው የተዋሐዱ ይመስላሉ፤ በተግባር ግን አንዱ በሌላው ውስጥ አልፎ ሳይደባለቅ ይወጣል። ይህን የማስመሰል ብወዛ ያወረሱት ለዘመናት ሰው ሲዘርፉበት የኖሩት ቁማርተኞች ናቸው።

ከዘዴው ያልተናነሰው ደግሞ ታሪኩ ነው። ቨርነን ጨዋታውን ሲያሳይ፣ አንድ ሰካራም ሊያሳፍረው ብሎ ካርታውን እንዴት እንዳዘበራረቀበት ይተርክ ነበር። በዚህም ተመልካቹ ካርታ ለምን እንዲህ እንደሚዘበራረቅ ሳይጠይቅ ይቀበላል። ያለዚያ ትርጉም የለሽ የነበረው እንቅስቃሴ በታሪኩ ምክንያት አስፈላጊ ሆነ።

ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ የሚታወቀውን የጽዋና የኳስ ጨዋታም እንዲሁ አደራጀው። በ1957 ሉዊስ ጋንሰን ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ከሰፈረ በኋላ የቨርነን አሠራር ለብዙ ምትሐተኞች መነሻ ሆነ። የሐሳቡን ጥልቀት ከሁሉ የበለጠ የሚያሳየው ግን በ1960 የታተመው፣ ሊገለጽ የማይችል ጨዋታ የሚል ስም የተሰጠው ነው። ምትሐተኛው የአንድ ካርታ ስም ጽፎ ያስቀምጣል፤ ተመልካቹ ክምሩን ይበውዛል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው አስቀድሞ አልተወሰነም። ካርታው ላይ ከተገኘ አንድ መንገድ፣ ታች ከተገኘ ሌላ መንገድ፣ መካከል ከሆነም ሌላ መንገድ አለ። ምትሐተኛው የተሰጠውን ሁኔታ ተቀብሎ፣ ፍጻሜው ከመጀመሪያው የታሰበ እንዲመስል ያደርገዋል። የቅኔ ተማሪ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ መቅረብ እንደማይችል ሁሉ፣ ይህም ጨዋታ በተጫወቱት ቁጥር አዲስ መሆን አለበት። ቤቱ የታወቀ ነው፤ የሚሞላው ግን በዕለቱ ነው።

ቨርነን ከ1963 ወዲህ ያለውን ዕድሜውን በአብዛኛው ያሳለፈው በሆሊውድ፣ በዚያ ዓመት በተከፈተው የምትሐተኞች ማኅበር ቤት ውስጥ ነው። ሥራው ከአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚመጣውን ወጣት ማየት፣ ማረምና ማበረታታት ነበር፤ ባልደረቦቹም ፕሮፌሰር ይሉት ነበር። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ፐርሲ ዳያኮኒስ በአሥራ አራት ዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ ከእርሱ ጋር ሲዞር የነበረ ሲሆን፣ ኋላ ታላቅ የሒሳብና የስታቲስቲክስ ሊቅ ሆነ። ዳያኮኒስ ከዴቭ ቤየር ጋር በ1992 ባሳተመው ጥናት፣ 52 ካርታዎች በተለመደው አበዋወዝ በበቂ ሁኔታ እንዲደባለቁ ሰባት ጊዜ ያህል መበወዝ እንደሚያስፈልግ በሒሳብ አሳይቷል። ከአሮጌ የቁማርተኛ ጥያቄ የተነሣ ጉጉት በዚህ መንገድ ወደ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ።

በዚያው ዓመት ኦገስት 21 ቀን ቨርነን በካሊፎርኒያ ግዛት በ98 ዓመቱ አረፈ። ትቶት ያለፈው ሀብት የገንዘብ አልነበረም፤ ዘዴዎቹም በመጻሕፍት ታትመው የማንም ሆነዋል። የእርሱ ብቻ የነበረውና ለተማሪዎቹ ያወረሰው የሥራ ጠባዩ ነው፤ አስቀድሞ የቀደሙትን ጠንቅቆ ማወቅ፣ ቀጥሎ ችግሩን በተመልካቹ ዓይን ማየት፣ ከዚያም ለራስ እጅ የሚስማማውን መንገድ በትዕግሥት መፈለግ። ይህ ጠባይ ከካርታ ጠረጴዛ ውጭም ይሠራል። ወልቂጤ ያለ መምህርና ቡታጅራ ያለ መምህር ያንኑ የክፍልፋይ ትምህርት ከአንድ መጽሐፍ ያስተምራሉ፤ ትምህርቱ የሁለቱም ነው፤ በፊታቸው ለተቀመጠው ልጅ እንዲገባው የሚያደርገው መንገድ ግን የየራሳቸው መሆን አለበት። ቨርነን ለዚህ መንገድ ዘጠና ዓመት ሰጠው፤ ቤተሰቡም ያላሰበውን ዋጋ ከፈለበት። የሥራው ክብርና የሕይወቱ ጉድለት ሁለቱም የታሪኩ ክፍል ስለ ሆኑ፣ ባለሙያ ሁለቱንም አብሮ ቢያስታውስ ይጠቅመዋል።