የጠበበ እይታን ያሰፋ ሐኪም

እህቴ፣ ራስ ምታት ሲበዛብሽና በግራ በቀኝሽ ያለው ነገር ሲሰወርብሽ ድካም ነው ብለሽ አትተዪው። የሃርቪ ኩሺንግን ታሪክ ልንገርሽ።

ኩሺንግ እ.ኤ.አ. በ1869 በአሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ተወለደ። ከአንጎል ሥር ያለችው፣ አተር የምታህለው ፒቱታሪ ዕጢ ስታብጥ የዓይን ነርቭን ትጫናለች፤ እይታም ከዳር እየጠበበ ይሄዳል። እሱ የሕሙማኑን እይታ እየለካ ከ1910 እስከ 1925 ድረስ 231 እንዲህ ያሉ እብጠቶችን ከላይኛው ከንፈር ሥር ገብቶ በአፍንጫ በኩል ቀዶ አከመ። ጫናው ሲነሳላቸው እይታቸው የተሻሻለ ብዙዎች ናቸው። በ1939 አረፈ።

ዛሬ ሐኪሞች በአፍንጫ ቀዳዳ ኢንዶስኮፕ የሚባል ቀጭን ካሜራ አስገብተው ያወጡታል። ነርቩ ሳይጎዳ ከተደረሰ እይታ ይመለሳል፤ ከዘገየ ግን ላይመለስ ይችላል። ዱባይም ሻርጃም አጅማንም ብትሆኚ ለማዳምሽ ሳትፈሪ ንገሪ፤ የኢንሹራንስ ካርድሽን ይዘሽ ታከሚ።